ቡሄ ላይ የሰማነው ድምፅ፦ ዓይን አፋር ልጆች በቤተ ክርስቲያን ድምፃቸውን አውጥተው እንዲዘምሩ

የቡሄ ዋዜማ፣ ነሐሴ 12 ማታ፣ በራችሁ ላይ የሚቆሙትን ልጆች አስቡ። ስድስት ሰባት ይሆናሉ። ዱላቸውን መሬት ላይ እየደበደቡ ይጨፍራሉ። አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ "ሆ" እያሉ ይቀበላሉ። ሙልሙላቸውን ወይም ብራቸውን እስኪቀበሉ ድረስ ሰፈሩን ያናውጡታል። አሁን ከመሃል ያለውን ትንሹን ልጅ ልብ በሉት። የአንገቱ ሥር እስኪገተር ይጮሃል። እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ሲመጣ አፉን የማይከፍተው ልጅ እሱ ነው። ዐውደ ምሕረት ላይ ሲቆም ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። አንዳንዴ እሱም የለም።

ሕፃናትን መዝሙር ማስጠናት ከጀመርኩ ዓመታት ሆነኝ። ለረጅም ጊዜ የማውቀው መፍትሔ አንድ ብቻ ነበር፤ "ጮክ በሉ!" ማለት። ደፋሮቹ የበለጠ ይጮሃሉ። ዝምተኞቹ የበለጠ ዝም ይላሉ። አንድ ቡሄ ማታ ግን ከክፍሌ ዝምተኛ የሆነውን ልጅ በራችን ላይ ሲጨፍር አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ጥያቄዬ ተቀየረ። ይህ ልጅ ድምፅ አላጣም። እዚያ ያለው፣ እዚህ የጎደለው ምንድን ነው?

እዚያ ጓደኞቹ መሃል ነው። የሚጠበቅበት አጭር ቃል ነው። እጁ ዱላ ይዟል፣ እግሩ ይረግጣል። ቃሉን ተኝቶ እንኳ ቢጠይቁት ይመልሰዋል። ቢሳሳት ማን እንደተሳሳተ አይታወቅም። እንቁጣጣሽ ላይ "ለምለም" እያሉ የሚቀበሉት ሴቶች ልጆችም እንደዚያው ናቸው። ከዚህ በታች የምጽፈው እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ ወደ መዝሙር ጥናት የማምጣት ሥራ ነው። ልምዴ ከኦርቶዶክስ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው፤ በሌላ ቤተ ክርስቲያን የምታገለግሉ ከበሮውን በራሳችሁ ዕቃ ተኩት። ለገና ማድረስ ከፈለጋችሁ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ጀምሩ። እስከ ታኅሣሥ 29 ስምንት ሳምንት ገደማ ታገኛላችሁ። ከዚያ ባነሰ ጊዜ ልጁን መግፋት ይሆናል።

1. መጀመሪያ ዝም ብላችሁ እዩ

ሁለት ሳምንት ማንንም ሳታርሙ ተመልከቱ። ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ዓይን አፋር አይደለም።

አዝማቹ ላይ ድምፁ ተሰምቶ ግጥሙ ላይ የሚጠፋ ልጅ ቃሉን አያውቀውም ማለት ነው። ዜማው ዝቅ ሲል ብቻ ድምፁ የሚሰወር ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ዜማውን ለእሱ በማይመች ቦታ ጀምረነዋል። ጥናት ላይ ደህና ዘምሮ ሕዝብ ፊት የሚደርቅ አለ። ከመዘመሩ በፊት ጓደኞቹን የሚያይ አለ። እሱ አንድ ጊዜ ተስቆበታል። ማን እንደሳቀበት አትጠይቁት፣ ግን እወቁለት።

ሁለት ዓይነት ልጆችን ለይታችሁ ያዙ። ሁልጊዜ አንድ ጆሮውን ወደ እናንተ የሚያዘነብል ወይም ከሌሎቹ አንድ ቃል ወደኋላ የሚቀር ልጅ በደንብ ላይሰማ ይችላል። ወላጆቹ ጆሮውን ያስመርምሩለት። ቤቱ እንደልቡ እያወራ ከቤት ውጭ ግን ከወር በላይ አንዲት ቃል ያልወጣው ልጅ ካለ፣ ይህ በመዝሙር ጥናት የሚፈታ ነገር አይደለም። የሕፃናት ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ይየው። እናንተ ዘንድ ከጓደኞቹ ጋር መቆሙ፣ ማጨብጨቡ ብቻ ይበቃል። ዘምር አትበሉት።

2. ስሙን አንሱለት

"እሷ ዓይን አፋር ናት፣ ተዋት።" ይህን እናት ልጇን አጠገቧ አቁማ ትናገራለች። አስጠኚም ይለዋል። ልጅቷ ትሰማለች። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደተባለችው ሆና ትመጣለች።

እዚህ ላይ እኛ ትልልቆቹ ራሳችንን ማየት አለብን። ቤታችን ውስጥ የምናመሰግነው ልጅ ማን ነው? አንገቱን የሚደፋ፣ ትልቅ ሰው ሲያወራ ጣልቃ የማይገባ፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚል። ጨዋ ልጅ እንለዋለን። ስድስት ቀን አንገት መድፋቱን ስናደንቅ ሰንብተን በሰባተኛው ቀን አምስት መቶ ሰው ፊት አቁመን "ድምፅህን አውጣ" እንለዋለን። ልጁ የቱን ይስማ? ጨዋነቱን አልቃወምም፣ መልካም ነገር ነው። ግን ቁጭ ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል። እኔ እንዲህ ነው የምላቸው፦ "ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም ማለት ጨዋነት ነው። መዝሙር ላይ ደግሞ ለእግዚአብሔር ድምፅ መስጠት ጨዋነት ነው።" ይገባቸዋል። ማንም እስካሁን ስላልነገራቸው ነው።

3. ቃሉ በእንቅልፍ ልብም እስኪወጣ

ቃሉን የሚጠራጠር ልጅ ድምፁን አያወጣም። በድፍረት ከመሳሳት በዝምታ ማለፍን ይመርጣል። ስለዚህ በሳምንት አንድ አንቀጽና አዝማቹ ይበቃል። ሦስት መዝሙር በግማሽ ከሚያውቁ አንዱን ጠንቅቀው ይወቁ።

ወረቀት አትስጡ፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ሳምንት። ወረቀት የያዘ ልጅ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል፣ ድምፁም ወደ መሬት ይሄዳል። ዓይን አፋሩ ደግሞ ፊቱን ይሸፍንበታል። የቆየው መንገድ ይሻላል። የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች "ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ" ሲሉ ሰምታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። መምህሩ ይላል፣ ልጆቹ ይከተላሉ፣ ግቢው በሙሉ ይሰማል። እዚያ ውስጥ ዓይን አፋርና ደፋር አይለይም። አንድ ስንኝ በሉ፣ ይበሉ። ዜማ ሳይኖር በንባብ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በዜማ።

የግእዝ ቃል ሲኖር ቆም በሉ። ልጆች የማይገባቸው ቃል ላይ ድምፃቸው ይሟሟል፣ ያጉተመትማሉ። "ስብሐት" ምስጋና መሆኑን ከነገራችኋቸው በኋላ ያችን ቃል እንዴት እንደሚሏት ስሙ። ትርጉሙን እናንተ ከመናገራችሁ በፊት እነሱ ይገምቱ። ዝምተኛ ልጅ አንዳንዴ የመጀመሪያ ቃሉን የሚናገረው እዚህ ላይ ነው፣ በግምት።

4. ዜማውን ከልጅ ጀምሩ

ይህን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ብዙ ጊዜ የሚያስጠና ጎልማሳ ወንድ ነው። ለራሱ ጉሮሮ በሚመች ቦታ ይጀምራል። የልጅ ድምፅ ደግሞ ቀጭን ነው፣ ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ልጆቹ ወደ ታች ይከተሉትና ከደረታቸው የማይወጣ ጉርምርምታ ይሆናል። አስጠኚው "አልሰማም!" ይላል። በዚያ ከፍታ ላይ ድምፅ ስለሌላቸው ነው የማይሰማው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት የሆናትን አንዷን ልጅ "አዝማቹን ቤት እንደምትዪው በይ" በሏት። እሷ የጀመረችበትን ያዙ። ከዚያ ሁሉም ይቀበሉ። ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ድምፃቸው ከጠፋ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ትከሻቸው ወደ ጆሮአቸው ከወጣ ወይም የአንገታቸው ሥር ከተገተረ አውርዱት። ወንድ አስጠኚ ከሆናችሁ የመነሻውን ድምፅ ልጅቷ ትስጥ፣ እናንተ እጅ ብቻ ምቱ። ባለፈው ዓመት በዚህች ለውጥ ብቻ፣ ሌላ ምንም ሳላደርግ፣ ሦስት "ዓይን አፋር" ልጆቼ ዘማሪ ሆነው ተገኙ። ዓይን አፋር አልነበሩም ማለት ነው።

5. እጅና እግር ሥራ ይያዝ

የቡሄው ልጅ ዱላ እንዳለው አትርሱ። እጁን የት እንደሚያደርገው የማያውቅ ልጅ ሁሉም ሰው እሱን ብቻ የሚያይ ይመስለዋል። ስለዚህ ከድምፅ በፊት ሽብሸባውንና ጭብጨባውን አስተምሩ። መጀመሪያ ያለ ድምፅ፣ በከበሮ ብቻ። አንድ ሙሉ ጥናት በዚህ ቢያልፍ አትቆጩ። ሰውነቱ ሲላቀቅ እስትንፋሱም ይላቀቃል።

ለእስትንፋስ አንድ ልምምድ ይበቃል። "ትኩስ ሻይ እንደምታቀዘቅዙ በዝግታ ንፉ" በሏቸው። መዳፋቸውን አፋቸው ፊት ይያዙና ነፋሱን ይስሙት። ቀጥሎ በዚያው ነፋስ "ሃሌ ሉያ" ይበሉ፣ በአንድ ትንፋሽ እስከሚችሉት ይሳቡት። ውድድር አታድርጉት። ውድድር ከሆነ ደፋሮቹ ያሸንፋሉ፣ ሌሎቹ ቁጭ ይላሉ።

ስለ ከበሮው አንድ ነገር ላንሳ። ከበሮ ለዓይን አፋር ልጅ መጋረጃ ነው። ከኋላው ተደብቆ ድምፁን ይሞክራል፣ ማንም አይሰማውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ መልካም ነው። በኋላ ግን የከበሮ መቺውን "ቀስ አድርገው" በሉት፣ ከዚያ አዝማቹ ላይ ብቻ ይምታ፣ ከዚያ ያቁም። ልጆቹ ድምፃቸውን ራቁቱን ሲሰሙ መጀመሪያ ይደነግጣሉ፣ ቀጥሎ ይስቃሉ፣ ከዚያ ይለምዱታል። ዐቢይ ጾም ለዚህ ሥራ የተሰጠ ጊዜ ነው። በ55ቱ ቀን ከበሮና ጸናጽል ስለማይመታ ልጆቹ በራሳቸው ድምፅ ብቻ መቆምን ይማራሉ። እኔ ለትንሣኤ የማዘጋጃቸውን በዚያ ጊዜ ነው የማጠነክራቸው።

6. ከብዙ ወደ ጥቂት ውረዱ

የመመሪያው ሁሉ ወገብ ይህ ነው። ትልቁ ስሕተት ልጁን ከሠላሳ ልጆች መሃል አንስቶ ብቻውን ማቆም ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፣ ድምፁ ሲያምር። ጥናት ላይ ለጓደኛው ሲያንጎራጉርለት ሰማሁትና ሳልነግረው፣ ሳላዘጋጀው፣ በጉባኤ መሃል ጠርቼ ማይክ ሰጠሁት። ያስደስተዋል ብዬ ነው። ማይኩን ይዞ ቆመ። ሕዝቡ "አይዞህ" እያለ አጨበጨበ። ጭብጨባው ባሰበት። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ማይኩን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ እናቱ ሄደ። ለወራት አልተመለሰም። ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት፣ እሱን ራሱን፣ እናቱን ብቻ ሳይሆን። ከተመለሰ በኋላም ለረጅም ጊዜ ማይክ ሲያይ ከኋላ ይሰለፍ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ውረዱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እናንተ ታወርዳላችሁ፣ ሁሉም ይቀበላሉ። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ለሁለት ክፈሏቸው፤ ግማሹ ያወርዳል፣ ግማሹ ይቀበላል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። አምስተኛው ላይ አራት አራት ሁኑ። እዚህ ላይ የምድቡ አሠራር ወሳኝ ነው። ዓይን አፋሩን ከሚወደው ጓደኛው ጋር አድርጉት፣ ከክፍሉ ኮከብ ጋር ሳይሆን። በጣም የሚያምር ድምፅ ያለው ልጅ አጠገቡ ከቆመ "እኔ ምን አደርጋለሁ" ብሎ ይተወዋል። ስድስተኛው ሳምንት ሁለት ሁለት። ሰባተኛው ላይ ፈቃደኛ የሆነ ብቻ አንድ ስንኝ ያወርዳል። "ማን ያወርዳል?" ብላችሁ በክፍሉ ፊት አትጠይቁ። ቀደም ብላችሁ ለብቻው "ይቺን ስንኝ ትሞክራታለህ ወይስ ከእገሌ ጋር ይሻልሃል?" በሉት። አይሆንም ካለ፣ እሺ። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ጠይቁ። ብዙ ልጅ በሦስተኛው ጥያቄ ነው እሺ የሚለው።

ሰልፉንም አስቡበት። ዓይን አፋር ልጅ የፊት ረድፍ ላይ ይጋለጣል፣ ዳር ላይ ያፈገፍጋል፣ መጨረሻ ረድፍ ላይ ይጠፋል። ሁለተኛው ረድፍ መሃል፣ በሁለት ጓደኞቹ መካከል ይቁም።

ስለ ሳቅ ደግሞ አንድ ሕግ አለን። የተሳሳተ ሰው እጁን ወደ ላይ ያነሳል፣ መዝሙሩ ግን አይቆምም። መጀመሪያ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ የምር ተሳስቼ። ልጆቹ መምህራቸው እጁን ሲያነሳ ሲያዩ ዓይናቸው በራ። አሁን በአንድ ጥናት ውስጥ አሥር እጅ ይነሳል፣ ማንም ዞሮ አያይም። ስሕተት የሚታይ፣ ግን የማያሳፍር ነገር ሆነ።

7. "ጮክ በሉ" በማለት ፋንታ ርቃችሁ ቁሙ

"ጮክ በሉ" ስትሉ ልጆች ከጉሮሮአቸው ይጮሃሉ። ድምፃቸው ይሻክራል፣ ዜማው ይበላሻል፣ በዓሉ ሳይደርስ ይጎረናሉ። ዓይን አፋሩ ደግሞ መጮህን ስለሚፈራ ይተወዋል። ድምፅን ከፍ ማድረግና መጮህ ለየቅል ናቸው። ሩቅ ያለ ሰው ስትጠሩ ድምፃችሁ ራሱ መንገዱን ያገኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ጭር ሲል ዐውደ ምሕረቱ ላይ አቁሟቸው። መጀመሪያ ፊታቸው ቁሙ። ቀጥሎ አሥር እርምጃ ወደኋላ። እኛ ግቢ ውስጥ ትልቅ ጽድ አለ። እዚያ ሥር እስክደርስ በየስንኙ ወደኋላ እሄዳለሁ። "ቃሉ እዚህ ድረስ ይምጣልኝ" እላቸዋለሁ። ያልደረሰኝን ቃል በእጄ ጆሮዬን ይዤ አሳያቸዋለሁ። ልጆቹ ሳያውቁት አገጫቸውን ያነሳሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፣ የነጠላዋን ጥለት አፏ ውስጥ ከታ የምትቆም። ለብዙ ሳምንት ጥለቷን እያኘከች ነው የሰማችን። ጽዱ ሥር ሆኜ ጆሮዬን ስይዝ እሷን እያየሁ አልነበረም፣ መሃሉን ነበር የማየው። ድንገት ጥለቷን ለቀቀችና የመጨረሻዋን ቃል ወደ እኔ ላከቻት። አንዲት ቃል። ምንም አላልኩም። እጄን ከጆሮዬ አወረድኩ፣ ፈገግ አልኩ። የሚቀጥለውን ስንኝ ሙሉውን አለችው።

ይህ ልምምድ ሌላም ጥቅም አለው። ልጁ ቦታውን ይለምደዋል። በዓሉ ቀን ሲቆም ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም።

8. ማይኩን አስቀድማችሁ አስተዋውቁ

ብዙ ልጅ የሚደነግጠው ሕዝቡን ሳይሆን በሞንታርቦ ተመልሶ የሚመጣውን የራሱን ድምፅ ነው። አንድ ጥናት ላይ ያልበራ ማይክ ተቀባብለው ይያዙት። በሚቀጥለው አብሩትና ስሙን ብቻ ይበል፣ ይሳቅበት። ማቆሚያው ለልጅ ቁመት ዝቅ ይበል። ማይክ ፍለጋ አገጩን ወደ ላይ የሰቀለ ልጅ ጉሮሮው ይታነቃል። ከአፉ አንድ ጋት ያህል ይራቅ። በጋራ የሚዘምሩ ከሆነ ደግሞ ከኮከቡ ፊት ሳይሆን ከመሃል ይቁም።

ቤት ውስጥ

ወላጆች፣ አንድ ልመና አለኝ። "ነይ ለእንግዶቹ መዝሙር ዘምሪላቸው" አትበሉ። ልጅቷ ከሰው ፊት መዘመር ፈተና መሆኑን የምትማረው ሳሎናችሁ ውስጥ ነው።

በዚህ ፋንታ ራሳችሁ ዘምሩ። ቡና ስትቆሉ፣ ዕቃ ስታጥቡ፣ መኪና ስትነዱ። ስንኙን ጀምሩና የመጨረሻዋን ቃል ተዋት። ልጁ ይሞላታል። ዞር ብላችሁ አትዩት፣ አታድንቁት፣ ቀጥሉ። በሚቀጥለው ቀን ሁለት ቃል ተዉ። ዜማውን ካላወቃችሁት አስጠኚው በድምፅ ቀድቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ፤ ከእናንተ ጋር ሲሰማው ይቀለዋል።

በውጭ አገር ለምታስጠኑ

በዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ በአውሮፓ ከተሞች የሚያድጉ ልጆቻችን ሌላ ተጨማሪ ፍርሃት አለባቸው። አማርኛቸው ይሳቅበታል ብለው ይፈራሉ። አገር ቤት ያደጉ እኩዮቻቸው አጠገብ ሲቆሙ ይብስባቸዋል። ግጥሙን በላቲን ፊደል ጽፎ መስጠት ችግሩን ያባብሰዋል። ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ አንድ ይሆኑባቸዋል። በጆሮ ያጥኑ።

ለድምፆቹ የምጠቁመው ጨዋታ አለ። ቀጭን የሶፍት ቁራጭ አፋቸው ፊት ይያዙ። "ፖስታ" ሲሉ ሶፍቱ ይርገበገባል። "ጳጳስ" ሲሉ በደንብ ካሉት እምብዛም አይነቃነቅም። ተ እና ጠንም በዚሁ ይሞክሩት። ለእርማት የነበረው ነገር ጨዋታ ይሆንና ማፈሩ ይቀራል። ወላጆች ደግሞ ልጁ "ጸሎት" ሲል "ሰሎት" ቢወጣው፣ እባካችሁ፣ አትሳቁ። በፍቅር እንደሆነ እኛ እናውቃለን፣ እሱ ግን አያውቅም።

የበዓሉ ዕለት

የቆረቡ ልጆች ከሌሊት ጀምሮ ባዶ ሆዳቸውን ናቸው። ቅዳሴው ረጅም ነው። ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ውሃ ቀምሰው ትንሽ ይረፉ። የራበው ልጅ ድምፅ አይወጣውም፣ ፍርሃት መስሏችሁ ትሳሳታላችሁ።

ከመውጣታቸው በፊት አዲስ ነገር አትንገሯቸው። "እንዳትሳሳቱ" አትበሉ። ያንኑ የሻይ ትንፋሽ ይተንፍሱ፣ አዝማቹን በለሆሳስ አንድ ጊዜ ይበሉት፣ ይበቃል። እናንተ ፊት ለፊታቸው በርከክ ብላችሁ ተቀመጡ። ቃሉን በከንፈር በሉላቸው። የሕዝቡን ዓይን የሚፈራ ልጅ የእናንተን ፊት ይይ፣ ወይም ከሰዉ ራስ በላይ ያለውን ጽድ።

አንዱ ቢያለቅስ እየጎተታችሁ አታውርዱት፣ እንዲቀጥልም አታስገድዱት። አጠገቡ ሂዱና ቁሙ። እጁን ያዙት። ከፈለገ አብራችሁ ውረዱ፣ ሌሎቹ ይቀጥላሉ።

ስልክ አንስቶ ለሚቀርጽ ሁሉ ደግሞ አስቀድማችሁ ተናገሩ። አንድ ሰው ከዳር ይቅረጽና ለሁሉም ይላክ። አርባ ስልክ የተደቀነበት ልጅ የእናቱን ፊት ማየት አይችልም። እናቱ ፊቷ ከስልኩ ኋላ ነው። ቪዲዮውን ቲክቶክ ወይም ዩቲዩብ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ወላጁንም ልጁንም ጠይቁ። ሳያውቅ ራሱን እዚያ አይቶ መዝሙር የተወ ልጅ አውቃለሁ።

ከዘመሩ በኋላ

"ጎበዝ" ለሁሉም የሚባል ነው፣ ልጅ ያውቀዋል። የሰማችሁትን ለይታችሁ ንገሩት። "ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምፅሽ ደረሰኝ።" ይህን ለብቻዋ፣ ዝቅ ብላችሁ፣ በሰው ፊት ሳይሆን። ለዓይን አፋር ልጅ በሰው ፊት መመስገን ሌላ መድረክ ነው። ድምፁ ያልወጣውን ደግሞ "ምነው ዛሬ?" አትበሉት። "ስላለህ ደስ ብሎኛል" በሉት። የምር ይሁን እንጂ።

ለልጆቹ አንዳንዴ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት፣ መምህሩ የነበረው አጎቱ ሲገርፈው ሸሽቶ ሄደ። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ትል እየወደቀች ደጋግማ ስትወጣ አየና ተመለሰ። ይህን ታሪክ የምነግራቸው ከበዓሉ በፊት አይደለም። ከበዓሉ በኋላ፣ ያልተሳካለት ልጅ ሲኖር ነው። ልጆቹ ሁልጊዜ የሚጠይቁት ስለ ትሏ ነው፤ ስንት ጊዜ ወደቀች፣ አልታመመችም ወይ፣ ላይ ስትደርስ ምን በላች። ይጠይቁ። ጥያቄ የጠየቀ ልጅ ድምፁን በክፍሉ ውስጥ አንድ ጊዜ ሰምቶታል።

በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ አዲስ ልጅ መምጣቱ አይቀርም፣ የእናቱን ቀሚስ ይዞ በር ላይ የሚቆም። ጥለቷን የለቀቀችውን ልጅ አጠገቡ አቁሟት። እንዲዘምር እንድትነግረው አትጠይቋት። አጠገቡ ሆና ትዘምር።